ኢአርፒው ገባ፤ ሞዴል 19 ግን አልወጣም

እስቲ ዛሬ ስለ ሶፍትዌር እናውራ። ኧረ አትሽሹ! ስለ ሶፍትዌር ስንል ስለ መጋዘን ቁልፍ፣ ስለ ሚዛን (የሚመዝነውን ማለታችን ነው፤ ወደ ከተማዋም እንመጣለን)፣ ሲመሽ የእሸት ቡና ጆንያ ተሸክሞ ስለሚሰለፍ ገበሬና የእሱን ኪሎ ማን እንደሚጽፍለት ማውራታችን ነው።

ሰሞኑን «ኢአርፒ» የማይል አለቃ የለም። ዩኒቨርሲቲው ይላል፣ የእርሻ ልማቱ ይላል፣ ዩኒየኑ ይላል፣ ቢሮው ይላል። ሙስናን ያጠፋል፣ ኦዲተርን ያስደስታል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ምናልባት ወባም ሳይከላከል አይቀርም።

ነገርየው ሲፍታታ ግን ቀላል ነው። ግዥ፣ መጋዘን፣ ሒሳብ፣ ደመወዝና ሽያጭ በየራሳቸው መዝገብና በየራሳቸው ኤክሴል መኖራቸው ይቀርና ሁሉም ከአንድ የመረጃ ቋት ይቀዳሉ። ንብረት ክፍሉ 200 ጆንያ መረከቡን አንዴ ከመዘገበ ሒሳብ ክፍሉ የሚከፈለውን፣ ግዥ ክፍሉ የጎደለውን፣ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም በዚያችው ደቂቃ ያያሉ። በቃ። ኤስኤፒ ይሁን ኦራክል፣ ወይም በነፃ ሊወርዱ የሚችሉት እነ ኦዱና ኢአርፒኔክስት፣ የሚሰጡን ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ይህች «አንዴ ጽፎ ለሁሉም ማሳየት» የምትባል ነገር በእኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነች አስቡት። ንብረት ክፍሉ መጋዘን ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ስቶክ ካርዱ በእሱ መሳቢያ ስላለ ነው። ሒሳብ ሹሙ የሚከበረው ፒችትሪው በእሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለተጫነ ነው። (ፒችትሪ ስሙን ቀይሮ ሴጅ 50 ከተባለ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም ሲቪያችን ላይ «ፒችትሪ» ብለን እንጽፋለን።) አለቃው ደግሞ ለሁለቱም እየደወለ «ስንት ቀረ?» ይላል። መልሱ «አጣርቼ ልንገርዎት» ነው። ከዚህች ማጣራት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር ለእናንተ አንነግራችሁም።

አሁን አገዛዛችንን እንይ። የመኪና አገዛዝን ማለታችን ነው፤ ኢአርፒን የምንገዛው እንደ ላንድ ክሩዘር ነውና። ጨረታ ይወጣል። አሸናፊው ይለያል። ሥልጠናው ቢሾፍቱ ወይም ሀዋሳ፣ ሐይቅ ያለበት ሆቴል ውስጥ ይሰጣል። አበል ይከፈላል። የሚሠለጥኑት ኃላፊዎች ናቸው፤ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ «እሱ ዲፕሎማ ነው ያለው» ተብሎ ይቀራል፣ ደግሞም መጋዘኑን ማን ይከፍታል? ከዚያ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የመረከቢያ ሰነዱ ላይ ይፈረማል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። አቅራቢው ዞር ሲል ሲስተሙ ውስጥ የሚገባ መረጃ የለም።

ስሙን በማንጠራው አንድ ድርጅት ውስጥ ከመሃላችን አንዷ «ዳታ ኢንኮደር» ተብላ ስድስት ወር ሠርታለች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ዕቃው ሰኞ ይገባል። ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 በእጁ ይሞላል። በካርቦን አራት ቅጂ ይወጣል፣ ማኅተም ይመታል፣ ይፋይላል። ዓርብ ከሰዓት ፋይሉ ተሸክፎ እሷ ዘንድ ይመጣና ወደ «ዘመናዊው ሲስተም» ትገለብጠዋለች። አራተኛው ቅጂ የማይነበብ ስለሆነ ግማሹን በግምት ትሞላለች። ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቶ የሚያየው ባለፈው ሳምንት የነበረውን፣ ያውም በግምት የተሞላውን መጋዘን ነው። ያንን አይቶ ደግሞ ግዥ ያዛል! በብዙ ሚሊዮን ብር የጽሕፈት መኪና ተገዛ ማለት ይኼ ነው።

«ታዲያ ለምን ወረቀቱ አልቆመም?» ብላ ጠይቃለች። መልሱ «ኦዲተር ይጠይቃል» ነበር።

የእኛ ክርክር እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ኢአርፒ የሚወድቀው በመብራትና በኔትወርክ ምክንያት ነው የሚለውን ወሬ አንቀበልም። የሚወድቀው የመጀመሪያዋን ደረሰኝ የሚጽፈው ሰው ሳይጠየቅ ስለሚገዛና፣ ወረቀቱ በየትኛው ቀን እንደሚቆም ወስኖ የሚፈርም አለቃ ስለሚጠፋ ነው።

«እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ነው፣ ሚዛንና ቴፒ ወርዳችሁ እዩት» የሚሉን አሉ። እሺ፣ እንውረድ። ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጅማና በቦንጋ በኩል። ዝናቡ አለ፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ኔትወርኩም እንደ አየሩ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን «ወረዳ ሲስተም አይችልም» የሚለው ሰው ያለፈውን ሃያ ዓመት ረስቷል።

በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. በጀት በቀጥታ ወደ ወረዳ ይውረድ ሲባል፣ ወረዳዎቹ የሚበዙት ሒሳብ ሠራተኛ እንኳን አልነበራቸውም። የሒሳብ አያያዙ የነጠላ መዝገብ ነበር፤ ሪፖርቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። በዚያን ጊዜ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራና ስቲቨን ፒተርሰን የተባሉ ሰው የመሩት የድጋፍ ፕሮጀክት ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ለአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሠርቷል። ያኔ የአሁኖቹ አማካሪዎች ቢሆኑ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? ሰርቨር ይገዙ ነበር። እነዚያ ግን መጀመሪያ የነኩት ወረቀቱን ነው። የበጀት መደቦቹንና የሒሳብ መደቦቹን አስተካከሉ። የሁለትዮሽ መዝገብን በእጅ፣ በእርሳስና በቅጽ አስጀመሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች በየክልሉ ሠለጠኑ፤ የሚሠለጥነውም ቅጹን የሚሞላው ሰው ነበር። የባለሙያ እጥረቱን ደግሞ በ«ፑል» ፈቱት፤ የትምህርቱም የጤናውም የግብርናውም ሒሳብ አንድ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ተሰብስቦ በጥቂት ሰዎች ይያዛል። ፑልን ዛሬም የማያውቅ የወረዳ ሠራተኛ የለም፤ ደመወዙ ሲዘገይ የሚረግመው እሱን ነውና።

አይቤክስ የሚባለው ሶፍትዌር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሠራተኛው በእጁ ሲሞላው የኖረውን ቅጽ ስክሪን ላይ አገኘው። ባዕድ አልሆነበትም። የቀድሞው ደቡብ ክልል፣ ሚዛንና ቴፒ ያኔ የነበሩበት፣ ማሻሻያው ቀድሞ ከገባባቸው ክልሎች አንዱ ነበር። ፒተርሰን በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች የሚሟገቱትም ለዚሁ ነው፤ ያለውን አሠራር ደረጃ በደረጃ አሻሽሎ ሲስተሙን በዚያ ልክ መሥራት፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አፍርሶ ትልቅ ዝግጁ ሶፍትዌር ከመጫን ይሻላል ነው የሚሉት። አይቤክስ ሙሉ ኢአርፒ እንዳልነበረ እናውቃለን፤ በጀትና ሒሳብ እንጂ መጋዘን አይዝም። ውበትም አልነበረውም። ግን ወረዳ ድረስ ወርዶ ሠርቷል። በኦራክል ላይ የተመሠረተው ኢፍሚስ ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በጥቂት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሲሞከር፣ ሌላው አገር ለዓመታት በአይቤክስ ሒሳቡን ሲዘጋ ነበር።

ይህን ከቢፒአር ጋር አነጻጽሩት። ቢፒአርን ታስታውሳላችሁ አይደል? «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ»! ተመራማሪ ቡድን ተዋቀረ፣ ወራት ተዘጋ፣ «ነባራዊው ሁኔታ» ተጠና፣ «የሚጠበቀው ሁኔታ» ተሳለ፣ በቀስትና በሳጥን ግድግዳው ተሞላ። ሲያልቅ መምሪያ ኃላፊው «የዋና ሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለና በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ስዕል ደረሰኝ የሚጽፈውን ሰው እጅ ጋ ሳይደርስ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ። አሁን ተራው የኢአርፒ ነው፤ ሰዎቹም እነዚያው ናቸው።

ወደ ቡናው እንምጣ፤ ደቡብ ምዕራቡን ልዩ የሚያደርገው እዚህ ነው።

እሸት ቡና አይጠብቅም። ገበሬው ቀን ይለቅማል፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ያመጣል፣ በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካና ጥራቱ ይወርዳል። እንግዲህ ሲስተሙ «ሎዲንግ» እያለ ሲሽከረከር ሃምሳ ሰው ተሰልፎ፣ ጨለማው እየመጣ፣ ቡናው ጆንያ ውስጥ እየሞቀ ነው። መዝጋቢው ምን ያደርጋል? ደብተሩን ያወጣል። እኛም ብንሆን እናወጣለን። ለዚህ የሚሆን ሲስተም ኔትወርክ ሳይኖር ስልክ ላይ መዝግቦ፣ ለገበሬው ቁራጭ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ የሚልክ መሆን አለበት። ይህ ዛሬ ተዓምር አይደለም። ጥያቄው በጨረታ ሰነዱ ላይ ማን ጻፈው ነው። አዲስ አበባ የተጻፈ የጨረታ ሰነድ ላይ «የሰው ኃይል ሞጁል»፣ «ዳሽቦርድ»፣ «የሥራ አመራር ሪፖርት» አለ፤ «ማታ 2 ሰዓት ላይ ያለ ኔትወርክ ይመዝናል» የሚል የለበትም።

ሌላም አለ። ጅምላ ገበያው ቡናን በፈረሱላ ይጠራል፤ 17 ኪሎ ነው። ጣቢያው በኪሎ ይገዛል፤ ላኪው በጆንያ ያስባል። ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ይሆናል። ይህንን ልወጣ ሲስተሙ ካላወቀው ከመጋዘኑ አምስት ስድስተኛው «የጠፋ ንብረት» ሆኖ ይመጣል፣ ንብረት ክፍሉም ይከሰሳል! የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጳጉሜ የምትባል ወር አለችን፤ ከውጭ የመጣው ሲስተም አሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል ግራ ይገባዋል። «የቤተሰብ ስም» ብሎ ለሚጠይቅ ሳጥን ደግሞ ገበሬው የአባቱን ይስጥ የአያቱን? አንዱ መዝጋቢ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው፤ የሚያውቃቸው ግን ሆቴል ሥልጠና ያልተጠራው ሰው ነው።

የሚጀመርበት ቀን ደግሞ አለላችሁ። የፕሮጀክት ዕቅዱ «ሲስተሙ በአንደኛው ሩብ ዓመት መጨረሻ ሥራ ይጀምራል» ይላል። አንደኛው ሩብ ዓመት መጨረሻ ማለት መስከረም ነው፤ በእነ ቴፒና በበቃ ቆላማ መሬት ለቀማው የሚጀምርበት! የአሜሪካው የቸኮሌት ኩባንያ ኸርሺ ልክ ይህንኑ ሠርቶ ዓለም ስቆበታል። በ1999 እንደ ፈረንጆቹ፣ 112 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ አዲስ ሲስተም በሐምሌ ወር አስጀመረ፤ ልጆች ከረሜላ ከየቤቱ የሚሰበስቡበት የሃሎዊን በዓል ሊደርስ ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለውን ሥራ በሁለት ዓመት ተኩል ጠቅልሎ ነበር። መጋዘኑ በከረሜላ ተሞልቶ ሲስተሙ የት እንዳለ ስላላወቀ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ትዕዛዝ ሳይላክ ቀረ፣ የሩብ ዓመቱ ትርፍ በ19 በመቶ ወረደ። ኸርሺ ሀብታም ነው፣ ተረፈ። አንድ የሸካ መሠረታዊ ማኅበር የአንድ ወቅት ቡና ቢበላሽበት በምን ይተርፋል? የጀርመኑ ሊድልም ዕቃውን የሚተምንበትን ልማዱን ከኤስኤፒ ጋር ሳያስታርቅ ሰባት ዓመት ታግሎ፣ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ካፈሰሰ በኋላ በ2018 ጥሎታል። ስለዚህ «የኛ ሰው ኋላ ቀር ስለሆነ ነው» የምትሉ፣ እባካችሁ ተዉን።

ቅድም ያልነው «ኦዲተር ይጠይቃል» የሚለው ማመካኛስ? ይህኛው ከሁሉም የሚያናድደን ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ወጣ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ወጣ፤ ለኤሌክትሮኒክ መረጃ ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠ አዋጅ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ቡናው ራሱ መንገዱን ጀምሮታል። የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ 372 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚያገበያየው በኮምፒውተር በተያዘ የመጋዘን ደረሰኝ ነው። ከዚሁ ጫካ የወጣ ቡና ባለቤትነቱ በሲስተም ውስጥ ይተላለፋል፤ የቢሮ እስክሪብቶ ግን ያለ ካርቦን ወረቀት ከመጋዘን አይወጣም! አለቃው ወረቀቱን የሚያቆም ደብዳቤ ስለማይጽፍ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ኃላፊነት ነው፤ ነገ ቢጎድል «ማን አዘዘህ?» ይባላላ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ግን ማንንም አያስጠይቅም። አንድ ወር ሁለት ወር አብረው ይሂዱ፣ ይመሳከሩ፤ ይህ አግባብ ነው። አምስት ዓመት አብረው ከሄዱ ግን ንብረት ክፍሉ የሚያምነው ወረቀቱን ነው፤ ልክም ነው፣ የሚያስከስሰው እሱ ነዋ።

ይህ ሁሉ ለምን ያገባናል? ገበሬው ለማኅበሩ ያስረከባት ኪሎ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ናት። መጀመሪያ በዕለቱ፣ ቀጥሎ ማኅበሩ ሲያተርፍ በሚከፋፈለው ትርፍ። የትርፉ ድርሻ ሲሰላም ያስረከበው ኪሎ ይቆጠራል። መዝጋቢው በደብተር ጽፎ፣ ኢንኮደሯ በግምት ገልብጣ፣ ስሙም ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከሆነ፣ ድርሻው የሚጎድለው ጫካ ውስጥ ሆኖ ስክሪኑን የማያይ ሰው ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ግን ጎደለው። የት ሄዶ ይክሰስ?

ደግሞ የባሰ እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ እንዳልተገኘ ማስረጃ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የካርታ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ዙሪያው ይለካል። አፈጻጸሙ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ አሁን ለትልልቆቹ ገዢዎች እስከ 2026 መጨረሻ፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ተገፍቷል። ትንሽ ጊዜ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ምን እየሆነ ነው? ታብሌት የያዘ ሁሉ ገበሬውን እየዞረ ይመዘግባል፤ የአንዱ ፕሮጀክት ዝርዝር ከሌላው አይነጋገርም፣ ሁለቱም ከማኅበሩ የሒሳብ መዝገብ አይነጋገሩም። የማሳውን ነጥብ የያዘው ሲስተም ስንት ኪሎ እንደተረከበ አያውቅም፤ ኪሎውን የያዘው ማሳውን አያውቅም። ገዢው የሚጠይቀው ሁለቱን አንድ ላይ ነው! «የተቀናጀ» የሚለው ቃል ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ከተማነቱን ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አከፋፍሏል። ብዙ ሰው ቀልዶበታል፤ እኛ ግን እንደ ዕድል ነው ያየነው። አራት ከተማ ላይ የተበተነ መንግሥት ፋይል በመኪና እያመላለሰ መኖር አይችልም። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚራራቁ ሁለት ግቢዎች የተከፈለ ተቋም ነው፤ ቴፒ ግቢ ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተር የሚማሩ ወጣቶች አሉ። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን ርዕስ ስታዩ «የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም»፣ «የቤተ መጻሕፍት ማኔጅመንት ሲስተም» ነው። ከግቢው አጥር ማዶ መፈልፈያ ጣቢያ አለ፣ መምህራን! ልጆቹን አንድ የለቀማ ወቅት እዚያ አቁሟቸው።

ለቢሮዎቹና ለዩኒየኖቹ ደግሞ የምንለው አለን። የመጀመሪያው ሞጁል መጋዘንና ሚዛን ይሁን፤ የአለቃው ዳሽቦርድ ይቆይ። አንድ ጣቢያ ላይ ጀምሩ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ጣቢያው ፀጥ ሲል። የመረከቢያ ሰነዱ ላይ ከሥራ አስኪያጁ ፊርማ በፊት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛና የሚዛኑ መዝጋቢ ይፈርሙ፤ እነሱ «አይሠራም» ካሉ ክፍያው አይለቀቅ። ሞዴል 19 የሚቆምበትን ቀን የያዘ ደብዳቤም ከጨረታው ሰነድ ጋር አብሮ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ከመስከረም በፊት።